ጀሪካኑን በበረኪና እያጠብኩ ልጋጉ ለምን ይመለሳል? ባክቴሪያዎች ተሰባስበው ሲኖሩ ምን ያተርፋሉ?

ከኮተቤ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተን እናስቀምጣለን። በየጊዜው በረኪና በውሃ አቅጥኜ እጨምርና ነቅንቄ አለቀልቃለሁ። ሆኖም ጣቴን በአፉ በኩል አስገብቼ ውስጡን ስነካው የሚያሟልጭ ነገር አለ። ትንሽ ከቆየ ደግሞ ይወፍራል። የእህቴ ልጅ «ባዮፊልም ነው፣ ባክቴሪያዎች ተሰባስበው የሠሩት ነው» አለችኝ። እኔ የማውቀው በረኪና ባክቴሪያ እንደሚገድል ነው። ታዲያ እነዚህ ለምን አይሞቱም? ተሰባስበው መኖራቸውስ ምን ይጠቅማቸዋል? ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ ያሳስበኛል፤ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

የባዮ መምህር

እህቴ፣ የእህትዎ ልጅ ልክ ናት። ከኋለኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምን እንደሚጠቅማቸው ከገባን ለምን እንደማይሞቱ ማስረዳት ይቀላል።

በጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ለባክቴሪያ ምግብ የሌለበት አገር ነው ማለት ይቻላል። የሚበላው የተሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ በጣም ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂት ነገር ከፕላስቲኩ ግድግዳ ጋር የመጣበቅ ጠባይ አለው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ በውሃው መሐል ከሚንሳፈፈው የተሻለ ይበላል። ውሃውን ቀድተው ሲጨርሱ የሚንሳፈፈው አብሮ ይወጣል፣ የተጣበቀው ይቀራል። ጀሪካኑ እንደገና ሲሞላ አዲስ ምግብ ካለበት ድረስ ይመጣለታል። ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥም ልጋጉ እርጥበት ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም።

ሲጀመር መጣበቁ የላላ ነው። ባክቴሪያው በፍላጀለሙ (ጅራት በሚመስል መዋኛው) እየዋኘ መጥቶ ይነካል፤ አንዳንዱ ተላቆ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ይቆያል። የሚቆየው ውስጡ ይለወጣል። ሳይክሊክ ዳይ ጂኤምፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል በሴሉ ውስጥ ይበዛል፤ እሱ ሲበዛ ዋና ይቆምና ሙጫ ማመንጨት ይጀመራል። ይህን ሞለኪውል ሞሼ ቤንዚማን እና ባልደረቦቹ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሴሉሎስ የሚሠራ ባክቴሪያ ሲያጠኑ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1987 አሳተሙ። በኋላ ብዙ የባክቴሪያ ዝርያዎች ይኸንኑ ምልክት እንደሚጠቀሙ ታወቀ።

ሙጫው ከስኳር ሰንሰለቶች፣ ከፕሮቲን እና ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ከሚለቁት ዲኤንኤ የተሠራ ነው። አብዛኛው ክብደቱ ግን ውሃ ነው። ጣትዎ ላይ የሚያሟልጭዎት ይኸው ነው።

አሁን ወደ በረኪናው። በውስጡ ያለው ክሎሪን ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር ሁሉ ያጠቃል። ባዮፊልም ሲያገኝ ከላይኛው ሙጫ ጋር እየተዋጋ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች እጅግ ቀጭን መለኪያ ወደ ባዮፊልም ውስጥ ሰድደው ሲለኩ፣ በውስጡ የነበረው ክሎሪን ብዙ ጊዜ ውጭ ካለው ከ20 በመቶ የማይበልጥ ሆኖ አገኙት። እርስዎ በረኪናውን ጨምረው፣ ነቅንቀው ሲደፉት ከላይ ያሉት ሞተዋል። ከሥር ያሉት ግን በሕይወት አሉ፤ የሞቱትም ለእነሱ ምግብ ይሆናሉ።

ከኮተቤ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር፣ በደንብ ገባኝ። ታዲያ በረኪናውን ሳላቀጥን ብጨምረውስ? ወይስ ሌላ ነገር ልቀላቅልበት?

የውሃ መሐንዲስ

እህቴ፣ ከምንም በፊት ይኼን ልበል፦ በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ፣ ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ወይም ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው።

ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ፈግፍጎ ማላቀቅ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በረኪና። ልጋጉ በክንድና በሳሙና ከተነሣ በኋላ የቀረውን ለመጨረስ ብዙ ክሎሪን አያስፈልግም። ልጋጉ ሳይነሣ ግን መጠኑን ብትጨምሩም ትርፉ ትንሽ ነው። የጀሪካን አፍ ጠባብ በመሆኑ እጅ አይገባም፤ ረጅም እጀታ ያለው የጠርሙስ ብሩሽ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ካልተገኘ ጥቂት ውሃ፣ ሳሙናና ንጹሕ ጠጠር ጨምሮ በሁሉም ጎን አጥብቆ መናጥ ነው።

እንዲህ ዓይነት እጥበት በእውነተኛ ወረርሽኝ ላይ ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሱዳን ዳርፉር አቡ ሹክ የተባለው የተፈናቃዮች ካምፕ ተቅማጥ በርትቶ ነበር። የሚታደለው ውሃ ንጹሕ ነበር፤ ጥርጣሬው በሰዉ ዕቃ ላይ ወደቀ። ሠራተኞች በዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ጀሪካኖችን በጠጠርና በክሎሪን አጠቡ፤ ከዚያ በኋላ የተቅማጥ ሕሙማን ቁጥር ቀነሰ። እኔ ሥራዬ ምንጭና መስመር ላይ ነው። ሆኖም ንጹሕ ምንጭ ገንብተን ውሃው ቤት ውስጥ ዕቃ ላይ ሲበላሽ ማየት ሁሌም ይቆጨኛል፤ ስለ ዕቃው ሳናስተምር የምንሄድባቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ ዓመት

ጠጠሩ ፕላስቲኩን አይቧጥጠውም? ባክቴሪያ ሻካራ ገጽ ላይ ይበልጥ ይጣበቃል ብለው አስተምረውናል።

የውሃ መሐንዲስ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። አዎ ይቧጥጣል፤ ጭረቱ ውስጥ የገባውን ደግሞ ብሩሽም አይደርስበትም። ለዚህ ነው ብሩሹን ያስቀደምኩት። ውስጡ ተቧጥጦ ያረጀ ጀሪካን ለመጠጥ ሳይሆን ለልብስና ለወለል ውሃ ቢውል ይመረጣል። ለመጠጥ የሚሻለው ክዳንና ቧንቧ ያለው፣ ለመታጠብ አፉ የሚበቃ ዕቃ ነው። ማላዊ ውስጥ በአንድ የስደተኞች ካምፕ ክዳንና መቅጃ ያለው ባልዲ ለተሰጣቸው ቤተሰቦች ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ተቅማጥ በ31 በመቶ ቀንሷል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። እዚያ ዋናው ጥቅም እጅ ወደ ውሃው እንዳይገባ መከልከሉ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት

አመሰግናለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ አንቲባዮቲክም ባዮፊልም ላይ የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው? ሙጫው መድኃኒቱን አያሳልፍም፣ አለቀ?

ከሚኒሶታ

አላለቀም። እኔ ለዶክትሬት የምሠራው በዚሁ ጉዳይ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

«ሙጫው ግድግዳ ነው» የሚለው ማብራሪያ ለክሎሪን ጥሩ ይሠራል፤ ክሎሪን በመንገዱ ላይ ይበላልና። ብዙ አንቲባዮቲኮች ግን ባዮፊልም ውስጥ ያለ ብዙ ችግር ይገባሉ። ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ የተሠራ አንድ ሙከራ አለ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አምፒሲሊን የሚባለው የፔኒሲሊን ዘመድ ወደ ባዮፊልሙ አልዘለቀም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ስላለው በመንገድ ላይ ጨረሰው። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ያ ኢንዛይም የሌለውን ዝርያ ወሰዱ። በዚህ ጊዜ አምፒሲሊኑ እስከ ሥሩ ዘለቀ። ባክቴሪያዎቹ ግን አሁንም አልሞቱም! ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክም እንዲሁ ገብቶ ሊጨርሳቸው አልቻለም።

ለምን? ውስጥ ያሉት ረሃብተኞች ስለሆኑ ነው። ከላይ ያሉት ኦክስጅኑንና ምግቡን ቀድመው ይወስዱታል፤ ከሥር ያሉት በጣም በዝግታ ያድጋሉ ወይም ጨርሶ ማደግ ያቆማሉ። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የሚገድሉት ግድግዳውን እየገነባ ያለን ሴል ነው። የማይገነባ ሴል ላይ የሚያበላሹት ሥራ የለም። ይኼን ያህል የሚያስገርመኝ ነገር በሙያዬ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ከሌላው ያነሰ መብላቱ ራሱ ሕይወቱን ያተርፍለታል።

ከእነሱም መሐል ሙሉ በሙሉ የተኙ ጥቂቶች አሉ። አየርላንዳዊው ጆሴፍ ቢገር እ.ኤ.አ. በ1944 ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ በፔኒሲሊን ሲገድል ከሞቱት መሐል ሁልጊዜ ጥቂት እንደሚተርፉ አስተዋለ። የተረፉትን አሳድጎ እንደገና ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው እንደ ፊተኞቹ አብዛኞቹ ሞቱ። ማለትም በዘር የሚተላለፍ መከላከያ አልነበራቸውም፤ መድኃኒቱ ሲመጣ ተኝተው ነበር። ባዮፊልም እነዚህን የተኙ ሴሎች ያበዛል፤ የሰውነታችን ነጭ የደም ሴሎች እንዳይለቅሟቸውም ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ በባዮፊልም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ ለመግደል ለሚዋኘው ከሚበቃው መጠን አንዳንዴ እስከ 1,000 እጥፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ያህል መድኃኒት ደግሞ ለበሽተኛ መስጠት አይቻልም።

ዋርድ ነርስ

ይኼን ሳነብ አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ትዝ አለኝ። የሽንት ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ያለው ታካሚ ትኩሳት ይጀምረዋል። ሽንቱ ለካልቸር (ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ ለመፈተን) ይላካል፤ ውጤቱ «ለዚህ መድኃኒት ይሰማል»፣ ማለትም መድኃኒቱ ይሠራበታል፣ ብሎ ይመጣል። መድኃኒቱ ይሰጠዋል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል። አስታማሚዎች «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይላሉ። ይኼም ባዮፊልም ነው?

ላብ ቴክኒሻን

እህቴ፣ በአብዛኛው እሱ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የምንፈትነው በፕሌት ላይ በደንብ የበላ፣ በፍጥነት የሚያድግ ባክቴሪያ ነው። «ይሰማል» ስንል ያ ይሰማል ማለታችን ነው። በካቴተሩ ግድግዳ ላይ የተጣበቀው ያው ዝርያ ቢሆንም አኗኗሩ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ከባዮፊልሙ ተላቀው በሽንቱና በደሙ የሚዞሩትን ስለሚገድል ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ቱቦው ላይ ያሉት ቆይተው እንደገና ይለቃሉ። የላብራቶሪው ውጤት ስህተት አይደለም፣ መድኃኒቱም ፎርጅድ ላይሆን ይችላል።

ካቴተሩ በቆየ ቁጥር ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘት ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ቱቦው ለብዙ ጊዜ ከቆየ ሁሉም ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ፕሮቴየስ ሚራቢሊስ የሚባለው ደግሞ ዩሪያን ሰባብሮ ሽንቱን አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል፤ በዚያ ጊዜ በሽንት ውስጥ ያሉ ማዕድናት በባዮፊልሙ ላይ ድንጋይ ሆነው ቱቦውን ይደፍናሉ። የተደፈነ ካቴተር ቆርጣችሁ ብታዩት ውስጡ ነጭ ጠጠር ነው።

ስለዚህ ሐኪሙን «ይኼ ካቴተር ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብሎ በየቀኑ መጠየቅ ከማንኛውም መድኃኒት በላይ ይረዳል። ለረጅም ጊዜ የቆየና ኢንፌክሽን ያመጣ ቱቦ ከሆነም ከሕክምናው ጋር መውጣት ወይም መለወጥ አለበት፤ ናሙናውም ከአዲሱ ቱቦ ቢወሰድ ትክክለኛውን ባክቴሪያ ያሳያል።

ዋርድ ነርስ

በጣም አመሰግናለሁ። በየቀኑ መጠየቁን በዋርዳችን ዙሪያ ጉብኝት ላይ አነሣዋለሁ።

ጥርስ ሐኪም

ስለ ባዮፊልም ሲወራ ጥርስ መረሳት የለበትም፤ ታሪኩ የጀመረው እዚያ ነውና። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊቨንሁክ በ1680ዎቹ ከራሱ ጥርስ ነጩን ቅርፊት ፍቆ በገዛ እጁ በሠራው ማይክሮስኮፕ ሲያየው በሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታት ተሞልቶ አገኘው። ኮምጣጤ ሞከረባቸው። ከቅርፊቱ ውጭ ያሉት ሞቱ፣ በቅርፊቱ ውስጥ የነበሩት ግን አልሞቱም። የእህታችን የጀሪካን ጥያቄ ከ300 ዓመት በላይ ቀድሞ በአንድ ጨርቅ ነጋዴ ተጠይቋል ማለት ነው።

ጥርስ ላይ ዋናው ባለጉዳይ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ነው። ስኳር ስንበላ ከስኳሩ የማይሟሟ ሙጫ ይሠራና ጥርስ ላይ ይተከላል፤ የቀረውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣል። ሙጫው አሲዱን እዚያው ጥርሱ ላይ አፍኖ ይይዘዋል፣ ምራቅ ቶሎ አያጥበውም። አሲዱ በዝቶ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ አሲድ ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል) ወደ 5.5 አካባቢና ከዚያ በታች ሲወርድ የጥርስ ኢናሜል (የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) መሟሟት ይጀምራል። አሲዱ ሌሎች ባክቴሪያዎችንም ስለሚያባርር ሚውታንስ ቦታውን ለብቻው ያሰፋል።

አፍ መጉመጥመጫ ብቻ በቂ ያልሆነው ለዚህ ነው። መፋቂያ የምትጠቀሙ ወገኖች ጥሩ እያደረጋችሁ ነው፤ በጥርስና በጥርስ መሐል ግን መፋቂያው አይደርስም፣ ክር ያስፈልጋል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም ለሚሟሟው ኢናሜል ይጠቅማል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ግን ውሃው ራሱ ፍሎራይድ ሊበዛበት ስለሚችል ለልጆቻችሁ ባለሙያ አማክሩ።

አዲስ ገቢ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሙጫ መሥራት ምግብና ጉልበት ይጠይቃል አይደል? ነገሩ እንደ ዕቁብ ከሆነ፣ ሳይከፍል የሚወስድ ባክቴሪያ አይመጣም? እንዲያ ከሆነ ደግሞ መሰባሰቡ እንዴት ጸንቶ ይኖራል?

የባዮ መምህር

ይመጣል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1998 ፖል ሬይኒ እና ባልደረባው ያሳተሙት ሙከራ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሲውዶሞናስ ፍሎረሰንስ የሚባል ባክቴሪያ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ፣ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። ባክቴሪያው ሲበዛ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፤ ኦክስጅን ያለው ከላይ፣ ከአየር ጋር በሚገናኝበት ብቻ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሴሉሎስ አብዝተው የሚያመርቱ ለውጠኞች (ዘረመላቸው የተለወጠ ሴሎች) ይነሣሉ፤ ሙጫቸው ይኸው ሴሉሎስ ነው። ሲከፋፈሉ ሴሎቹ ስለማይላቀቁ ፈሳሹ ላይ ተንሳፋፊ ምንጣፍ ይሠራሉ፤ ምንጣፉ ላይ ያለ ሁሉ ኦክስጅን ያገኛል። እያንዳንዱ ሴል ለሙጫው ስለሚከፍል ብቻውን ቢሆን ያድግ ከነበረው ዘግይቶ ያድጋል፤ በቡድን ግን ከታች በአየር እጦት ከሚታፈኑት ይበልጣል። ቱቦው እየተነቀነቀ ከተቀመጠ አየሩ ሁሉም ጋር ስለሚደርስ ምንጣፍ የሚሠሩት አያሸንፉም።

ከዚያ እርስዎ ያሉት፣ ሳይከፍሉ የሚወስዱት ዓይነት ይመጣሉ። ሙጫ መሥራት ያቆሙ ሴሎች ምንጣፉ ውስጥ ይወለዳሉ፤ ሳይከፍሉ ኦክስጅኑን ይካፈላሉ፣ ፈጥነው ይራባሉ። እነሱ ሲበዙ ምንጣፉ ይሳሳና ወደ ታች ይሰምጣል፣ አብረው ይታፈናሉ። ይህም በሙከራ ታይቷል።

የሚጸናበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ሴሎች ሲከፋፈሉ ልጆቻቸው ከጎናቸው ይቆያሉ፤ ስለዚህ ሙጫው በአመዛኙ የሚጠቅመው የዚያኑ ሴል ዘር ነው። ደግሞም ሙጫ የሚሠራው ዘር እየተገፋ ወደ ላይ፣ ወደ ኦክስጅኑ ስለሚወጣ የማይሠራውን ከሥሩ ሊያፍነው ይችላል። ባዮፊልምን የፍቅር ማኅበር አድርገን ብቻ ባናየው ጥሩ ነው፤ ውስጡ ፉክክር አለ።

ከሚኒሶታ

መምህር ያሉት ላይ ልጨምር። ፉክክሩን የሚያበርድ ነገርም ተገኝቷል። አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ያለው የተመራማሪው ጉሮል ሱኤል ላብራቶሪ ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለውን ባክቴሪያ ሲከታተል፣ ባዮፊልሙ መጠኑ እያደገ ሲሄድ ዳር ያሉት ሴሎች እየቆዩ ዕድገታቸውን እንደሚያቆሙ አየ። ዳር ያሉት ካላቆሙ ምግቡን ሁሉ ይጨርሱትና መሐል ያሉት ይሞታሉ። መሐሉ ከሞተ ደግሞ ዳሩ በመድኃኒት ሲመታ መልሶ የሚያቋቁም አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሟቸው ሥራዎች የተራቡት ሴሎች ፖታሲየም እየለቀቁ የኤሌክትሪክ ምልክት ከመሐል ወደ ዳር እንደሚሰዱ አሳዩ። ስለዚህ ጥቅሙ አንዱን መሸሸግ ብቻ አይደለም፤ መሐሉን በሕይወት ማቆየት ለሁሉም የወደፊት ዋስትና ይሆናል።

ከጎንደር ጤና ጣቢያ

የአተት ወረርሽኝ ሲመጣ ግንባር ላይ የምንቆም ሰዎች ስላለን ስለ ኮሌራ ማንሣት እፈልጋለሁ። የኮሌራ ባክቴሪያ በባዮፊልም የሚያተርፈው ትርፍ ከማውቃቸው ሁሉ ይከፋል።

ቪብሪዮ ኮሌሬ፣ ማለትም የኮሌራ ባክቴሪያ፣ በውሃ ውስጥ ኮፔፖድ በሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊት ላይ ይሰፍራል። ቅርፊቱ ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ቁስ የተሠራ ነው፤ ባክቴሪያው ይበላዋል። ካይቲን ላይ ሲሆን ደግሞ በዙሪያው ያለ ባዕድ ዲኤንኤ ወደ ውስጡ የመውሰድ ችሎታው ይነቃል፤ አዳዲስ ባሕርያትን የሚያገኝበት አንዱ መንገድ ይኼ ነው። ሦስተኛው ትርፍ በሰው ሆድ ውስጥ ነው። በበጎ ፈቃደኞች ላይ በተሠሩ የቆዩ ጥናቶች የጨጓራ አሲዱ ያልተነካ ጤነኛ ሰውን ለማሳመም ወደ 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ ያስፈልግ ነበር፤ አሲዱ አብዛኛውን ይጨርሳልና። በባዮፊልም ተጠቅልሎ የገባ ግን አሲዱን የበለጠ ይቋቋማል፣ አንድ ቁራጭ ደግሞ ብዙ ሴል በአንድ ጊዜ ያስገባል።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሪታ ኮልዌል እና ባልደረቦቿ ይህን ባሕርይ በራሱ ላይ አዞሩበት። ባንግላዴሽ፣ ማትላብ ውስጥ እናቶች ውሃ ሲቀዱ ያረጀ ሳሪ አራት ጊዜ አጥፈው እንዲያጠሩበት አስተማሩ። ብቻውን የሚዋኝ ባክቴሪያ በጨርቅ አይያዝም፤ ኮፔፖድ ላይ የሰፈረው ግን አብሮ ይያዛል። ኮሌራ በ48 በመቶ ቀነሰ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል።

ከኮተቤ

ነጠላም እንዲሁ ይሠራል ማለት ነው?

ከጎንደር ጤና ጣቢያ

እናቴ፣ የደፈረሰ ወይም የወንዝ ውሃ ከሆነ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ደጋግሞ አጥፎ ማጥራት ጥሩ ነው፤ ቆሻሻው ሲቀንስ ክሎሪኑም በደንብ ይሠራል። ነጠላ ስስ ስለሆነ እጥፉን ማብዛት ነው። ከማጥራት በኋላ ግን ውሃ አጋሩን ወይም እንክብሉን መጨመር፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ የግድ ነው፤ አለበለዚያ ማፍላት። ጨርቁም ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ እርጥብ ከተቀመጠ እሱው ላይ ይራባሉ።

የቦረና ልጅ

ስለ ዕቃ እጥበት ሲነሣ፣ እኛ ጋ የወተት ዕቃ በውሃ ታጥቦ ብቻ ወተት አይገባበትም። በኤጀርሳ ጭስ ይታጠናል፤ አማርኛ ተናጋሪዎች ወይራ የምትሉት ነው። ወተቱ ቶሎ አይበላሽም፣ ሽታውም ያምራል። ይኼ ከምታወሩት ጋር ይገናኛል?

የባዮ መምህር

በሚገባ ይገናኛል ወንድሜ። የእንጨት ወይም የተሸመነ ዕቃ ውስጡ ብዙ ቀዳዳ ስላለው ብሩሽ አይደርስበትም፣ ወተት ደግሞ ለባዮፊልም ምቹ ነው። ጭሱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል፤ በውስጡ ፌኖል የመሳሰሉ ባክቴሪያን የሚጎዱ ነገሮች አሉ፣ ፍሙ ያሞቃል፣ ያደርቃል። እናቶቻችን ይህን ያገኙት ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው ነው፤ የከብት አርቢው አካባቢ እውቀት በወተት ንጽሕና ትምህርት ውስጥ የክብር ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከማጠኑ በፊት መታጠቡና መፈግፈጉ ግን አይቅር።

ላሟ ራሷም የባዮፊልም ባለውለታ ናት። ሆዷ ውስጥ ሣሩን የሚፈጩት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ በሣሩ ጭረት ላይ ተጣብቀው ነው የሚሠሩት፤ ኢንዛይማቸው በፈሳሹ ተበትኖ እንዳይባክን ከምግቡ ጋር ይጣበቃሉ።

የውሃ መሐንዲስ

እኛም ሆን ብለን ባዮፊልም የምናሳድግበት ሥራ አለ፤ ዝግተኛ የአሸዋ ማጣሪያ ይባላል። ውሃ በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.3 ሜትር በሚሆን ፍጥነት በአሸዋ ውስጥ ይወርዳል። ከላይ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ልጋግ ይሠራል፤ በዚያ ልጋግ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችና እነሱን የሚበሉ ፕሮቶዞዋዎች (ባለ አንድ ሴል ጥቃቅን ፍጥረታት) የሚያልፈውን ጎጂ ተህዋስ ይይዙታል፣ ይበሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1892 ጀርመን ውስጥ የሆነውን ተማሪ ሳለሁ ሰምቼ አልረሳሁትም። ሐምቡርግ የኤልቤን ወንዝ ሳታጣራ ትጠጣ ነበር። አልቶና የምትባለው ጎረቤቷ ከሐምቡርግ በታች፣ የሐምቡርግ ፍሳሽ ከገባበት ቦታ ነበር የምትቀዳው፤ ግን በአሸዋ ታጣራው ነበር። ኮሌራ ገባ። ሐምቡርግ ውስጥ ወደ 8,600 ሰው ሞተ፤ የከተሞቹ ድንበር በሚያልፍበት መንገድ ላይ እንኳ በሽታው በሐምቡርግ ውሃ በሚጠጡት በኩል በርትቶ፣ በአልቶና በኩል ሳይጠና ቀረ። ታዋቂው ጀርመናዊ የባክቴሪያ ተመራማሪ ሮበርት ኮህ ራሱ መርምሮ ጽፎበታል።

ታዲያ እንዲህ ዓይነት ማጣሪያ ያላችሁ፣ ከማጣሪያው በፊት ክሎሪን አትጨምሩ። የሚሠራላችሁን ትገድሉታላችሁ። ክሎሪኑ ከማጣሪያው በኋላ ነው።

ከኮተቤ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጠርሙስ ብሩሽ ገዝቻለሁ፤ ጀሪካኖቹን በሳሙና ፈግፍጌ፣ አለቅልቄ፣ ከዚያ በረኪናውን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን አድርጌ አጥቤያቸዋለሁ፤ አሁን ውስጣቸው አያሟልጭም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቆርቆሮው ላይ ያለው ሮቶስ? ከተገጠመ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።

የውሃ መሐንዲስ

ሮቶውም ያው ነው እህቴ፣ ከሥሩ ደግሞ ደለል ይጨምራል። ውሃው በፈረቃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቃችሁ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ተጠቀሙና አራግፉት። መስመሩን ዝጉ። ደለሉን አውጡ፣ ግድግዳውን በረጅም ብሩሽና በሳሙና ፈግፍጉ፣ አለቅልቃችሁ ድፉ። ከተቻለ ከውጭ ሆኖ ይሠራ፤ ሰው መግባቱ የግድ ከሆነ ክሎሪን በሌለበት ጊዜ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ከውጭ ሌላ ሰው ቆሞ ይሁን። ከዚያ በውሃ ሙሉት፣ ክሎሪን ጨምሩበት፣ ቤት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ድረስ ከፍታችሁ ዝጉ። አንድ ሌሊት ይደር፤ በዚያ ሰዓት ማንም ከእሱ እንዳይጠጣ ለቤተሰቡ ንገሩ። በማግስቱ ደፍታችሁ በንጹሕ ውሃ ሙሉት። የክሎሪኑ መጠን እንደ ሮቶው ሊትርና እንደ በረኪናው ጥንካሬ ስለሚለያይ፣ የሮቶውን መጠንና በበረኪናው ማሸጊያ ላይ ያለውን የክሎሪን በመቶኛ እዚህ ጻፉልኝ፤ አስልቼ እልክልዎታለሁ።

ከኮተቤ

ሮቶው ባለ 1,000 ሊትር ነው። በረኪናው ላይ 5 በመቶ ይላል።

የውሃ መሐንዲስ

1,000 ሊትር ላይ 1 ሊትር በረኪና ብታደርጉ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ሚሊግራም ክሎሪን ይሆናል፤ ተፈግፍጎ ለጸዳ ሮቶ ለአንድ ሌሊት ይበቃል። ሳሙናም ሽቶም ያልተቀላቀለበትን በረኪና ምረጡ፣ የተመረተበትንም ቀን እዩ። የቆየ በረኪና ጥንካሬውን ያጣል።